ድብርት የገባበት ቤት

አንዲት እናት ከመኝታዋ መነሳት ሲያቅታት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያየው የጎደለውን ሥራ ነው። ቡናው አልተፈላም፤ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ባዶ ነው፤ ሊጡ ከልክ በላይ ኮምጥጦ ቡሃቃው ውስጥ ተቀምጧል። ባል «ምን ነካት?» ይላል። አማት «ድሮም ሥራ አትወድም» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «ባሏ ይሠራል፣ ልጆቿ ደህና ናቸው፣ ምን ጎደለባት?» እያለች ታማታለች። እሷን ቀርቦ የጠየቃት ቢኖር «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ይደክመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ትላለች እንጂ «አዝኛለሁ» ብላ ላትናገር ትችላለች። ወራት ሲያልፉ ነገሩ የትዳር ጠብ ተብሎ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ አለዚያም ዓይነ ጥላ ነው ተብሎ ፀበል ይኬድበታል። ጤና ጣቢያ ከተኬደም ለጨጓራና ለራስ ምታት ነው።

የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ለማንም ሳይመጣለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ዓመት ውስጥ ሕመሙ እሷ ጋ ብቻ አይቀመጥም። ባል ይመረራል፤ ልጆች ይደነግጣሉ፤ ዘመድ መምጣት ይቀንሳል። ከዚያ የባል ምሬት፣ የልጆች ድንጋጤና የዘመድ መራቅ ተመልሰው ሕመሟን ያብሱታል። የዚህ ሐተታ ክርክር ይኸው ነው፦ ድብርት ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ኑሮ ውስጥ ይበቅላል፣ ተመልሶም ያንኑ ኑሮ ይበላል፤ ስለዚህ ሕመምተኛን ከቤቱ ነጥሎ ማከም ግማሽ ሕክምና ነው። በአገራችን ሐኪም ቤት የሚወስድ፣ የመድኃኒት የሚከፍል፣ ሕክምናው ይቀጥል ወይም ይቁም ብሎ የሚወስን ቤተሰብ ነውና ነገሩ ለእኛ ከማንም በላይ ይመለከተናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ድብርት እንዳለባቸው ገምቶ ነበር። ሴቶች ከወንዶች በ50 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይጠቃሉ። በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚኖሩት ሕሙማን ከ75 በመቶ የሚበልጡት ምንም ዓይነት ሕክምና አያገኙም። ሐኪሞች ድብርት የሚለውን ስም የሚሰጡት ማንም ሰው በክፉ ቀን ለሚሰማው መከፋት አይደለም። የስሜት መጨለም ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረን ነገር ሁሉ መጥላት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ በሚባል ደረጃ፣ አብዛኛውን የቀን ክፍል ሲዘልቅ ነው። በዚያ ላይ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር፣ አንዳንዴም ሞትን መመኘት ይደረባል።

«በዘር የመጣ ነው» የሚለው አባባል ከፊል እውነት አለው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በድብርት ረገድ በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት ዘር የሚይዘው ድርሻ 37 በመቶ ያህል ነው። የቀረው ሰው ካደገበት፣ ካገባበት፣ ከሠራበትና ካዘነበት ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ላይ ነው ቤቱ የሚመጣው።

ቤቱ ሲያሳምም

ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በደቡብ ለንደን፣ ካምበርዌል በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን ኑሮ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ አሳተሙ። ያገኙት ነገር ዛሬም ይጠቀሳል። ክፉ ነገር የደረሰባት ሴት ሁሉ በድብርት አትወድቅም። ይበልጥ የሚወድቁት ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው የሌላቸው፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች የሚያሳድጉ፣ ከቤት ውጭ ሥራ የሌላቸውና 11 ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸውን ያጡ ነበሩ።

ይህ ዝርዝር የለንደን ይሁን እንጂ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሦስት ልጅ ያላትና ከቤት የማትወጣ እናት በየሰፈሩ አለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጀመሪያው ነው፤ የሚያዳምጥ ሰው ማጣት። በብዙ አካባቢያችን ሴት ስታገባ ከእናቷ፣ ከእህቶቿና ከልጅነት ጓደኞቿ ርቃ ወደ ባሏ ወገን ትሄዳለች። የምትሄደውም «የቤትሽን ገበና ለሰው አታውሪ» ተብላ ተመክራ ነው። ባሏ ቢጠጣ፣ ቢመታት፣ ደመወዙን ቢደብቃት፣ ጨዋነት የሚባለው ዝም ማለት ነው። ዝምታው ትዳሩን ከሐሜት ይጠብቀው ይሆናል። እሷን ግን አይጠብቃትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሕመም የተነገረ ይመስላል።

ወሊድ ሌላው አሳሳቢ ጊዜ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በታዳጊ አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 15.6 በመቶ፣ ከወለዱት ደግሞ 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና እክል ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛውም ድብርት ነው። በአገራችን ቡታጅራ አካባቢ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት፣ በእርግዝና ወቅት ጭንቀትና ድብርት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው የመራዘሙና ጨቅላውን ጡት ለማጥባት የመዘግየታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የእናትየዋ ሐዘን ሕፃኑ ገና ዓለምን ሲያይ ይደርስበታል ማለት ነው።

አሮጌው ልማዳችን ይህን ጊዜ ያውቀው ነበር። አራስ ብቻዋን አትተውም። ክርስትና እስኪነሳ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ አጠገቧ ሰው አይጠፋም፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ገላዋ ይታጠባል፣ ሕፃኑን የሚቀበላት እጅ አለ። ምክንያቱ ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋት ነው ይባል እንጂ ውጤቱ እናትን ከብቸኝነትና ከእንቅልፍ እጦት ማዳን ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትታረስ ሴት እናቷ ክፍለ ሀገር ናት፤ እህቷ ሥራ ላይ ናት፤ ጎረቤቷን ገና አላወቀችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ሲፈቅድ፣ ለአባት የፈቀደው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አባትየው ቢሮ ይገባል፤ በሩ ሲዘጋ እናትና ሕፃን ብቻቸውን ይቀራሉ። ልማዱ ሲሳሳ በምትኩ ያስቀመጥነው ነገር የለም።

ሦስተኛው የዓረብ አገር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህም ከዓረብ አገሮች መመለሱ አላቆመም። አንዲት ልጅ ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ብር ለወንድም ትምህርት፣ ለአባት ሕክምና፣ ለቤት እድሳት ውሎ ይጠብቃታል። በስሟ የተቀመጠ የለም። የደረሰባትን በደል እንዳትናገር ታፍራለች፤ ቤተሰቡም ከጤናዋ ይልቅ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ይጠይቃታል። ከክፍሏ አልወጣ ስትል «ዓረብ አገር አበላሻት» ይባላል። የደከመችለት ቤት ራሱ ሸክም ሲሆንባት ወዴት ትሂድ?

ሕመሙ ቤቱን ሲያውክ

ድብርት የጎዳው ሰው ሲታይ የታመመ አይመስልም። ትኩሳት የለውም፤ ቁስል የለውም። የሚታየው ጠባይ ነው፤ አይስቅም፣ አይጨዋወትም፣ ስልክ አያነሳም፣ ከማኅበርና ከለቅሶ ይቀራል፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር መተኛት ያስጠላዋል። ቤተሰብ ደግሞ ጠባይን የሚተረጉመው በፍቅርና በክብር ሚዛን ነው። ያልሳቀው «ጠልቶኝ ነው»፣ ከለቅሶ የቀረው «ንቆን ነው»፣ ያልሠራው «ሰንፎ ነው» ይባላል። አንዴ እንዲህ ከተተረጎመ በኋላ ነቀፋ ይከተላል፤ ነቀፋው ሕመምተኛው ስለራሱ የሚያስበውን ክፉ ሐሳብ ያጸናለታል፤ የባሰ ዝም ይላል፤ ዝምታውም አዲስ ክስ ያመጣበታል።

ይህ አዙሪት በጥናት ተለክቷል። ጂል ሁሊና ጆን ቲስዴል እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ በእንግሊዝ አገር ለድብርት ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ 39 ባለ ትዳሮችን ተከታትለዋል። ሕመሙ ማንን መልሶ እንደሚይዝ ከሁሉ አብልጦ ያመለከተው ነገር ሕመምተኛው ለአንድ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነበር፤ «የትዳር ጓደኛህ ምን ያህል ይነቅፍሃል?» ከአንድ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ከፍ ያለ ቁጥር የሰጡት ሕመሙ የተመለሰባቸው ሆኑ። ወሳኙ ሕመምተኛው የተሰማው ነቀፋ ነው። ስለዚህ በቅን ልብ የሚነገረውም ምክር ይመዘናል ማለት ነው። «ጠንከር በል እንጂ»፣ «ካንተ የባሰ ስንት አለ»፣ «ፈጣሪህን አታማር»፣ «ለልጆችሽ ስትዪ ተነሺ» የሚሉት ቃላት ከተናጋሪው አፍ ሲወጡ ፍቅር ናቸው። ሕመምተኛው ጆሮ ሲደርሱ ግን «መነሳት እየቻልክ ነው ያልተነሳኸው» የሚል ክስ ይሆናሉ።

በወንዶች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወንድ አያለቅስም ተብሎ ያደገ አባት ሐዘኑ በቁጣ፣ በመጠጥ፣ በጫት፣ ከቤት አምሽቶ በመግባት ይወጣል። ሥራውን ያጣ ወይም ንግዱ የከሰረበት አባወራ ማታ ሰክሮ ሲገባ ሚስቱ የምታየው ሰካራም ነው። ጠጪ ሁሉ ድብርት አለበት ማለት አይደለም፤ ዱላም በሕመም ሰበብ ይቅር አይባልም። ነገር ግን ያልታከመ ድብርት ያለበትን አባት በሽምግልና «ሁለተኛ አልጠጣም» አስብሎ መመለስ ቤቱን አያድነውም።

ከሁሉ የሚያሳዝኑት ልጆች ናቸው። እናት ስትተኛ ትልቋ ልጅ ሳትታዘዝ የእናትነቱን ቦታ ትይዛለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታለብሳለች፣ ትምህርት ቤት አርፍዳ ትገባለች፤ ለመምህሯ ምክንያቷን አትናገርም። ትንሹ ልጅ ደግሞ እናቱ የማትስቀው እሱ ስላጠፋ ይመስለዋል። ወላጁ በድብርት የተያዘ ልጅ ሲያድግ ራሱ በድብርት የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ልጆች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚደርስ የረጅም ጊዜ ጥናቶች አሳይተዋል።

የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው፤ እኔም ተስፋ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚርና ዋይስማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በድብርት የታመሙ እናቶች ሲታከሙ ልጆቻቸው ምን እንደሚሆኑ ተመለከቱ። በሦስት ወር ውስጥ እናቶቻቸው በዳኑላቸው ልጆች ዘንድ የሥነ አእምሮ ችግር በ11 በመቶ ሲቀንስ፣ እናቶቻቸው ባልዳኑላቸው ዘንድ በ8 በመቶ ጨመረ። ጥናቱ ያከመው ልጆቹን አይደለም፤ እናቶቹን ነው።

ቤቱ ሲያድን

ቤተሰብን የበሽታ ምክንያት አድርጎ መክሰስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም። ለአስርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕሙማንን ያበላ፣ ያጠበ፣ ሌሊት የጠበቀ፣ በአውቶቡስ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ነው። አስታማሚም ይደክማል፤ እሱም ይታመማል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ወቀሳ ሳይሆን ዕውቀትና እገዛ ነው። እገዛው ደግሞ የሚቻል መሆኑን እንደ እኛው ካሉ አገሮች እናያለን።

በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠሮች አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ መንግሥት በቀጠራቸው የመንደር የጤና ሠራተኞች አማካይነት አንድ ሙከራ አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙ። የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያልሆኑት እነዚህ ሴቶች አጭር ሥልጠና ወስደው በድብርት የታመሙ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን በየቤታቸው ጎበኙ። ጉብኝቱ በሕፃኑ ጤና ዙሪያ ስለተደራጀ ባልና አማት በሩን ከፈቱ፤ እነሱም የሥራው ተካፋይ ሆኑ። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ እንዲህ ከተጎበኙት እናቶች በድብርት ላይ የቆዩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ተራ ጉብኝት ካገኙት ግን 53 በመቶ ነበሩ።

የምሥራቅ አፍሪካዋ ኡጋንዳም ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ በ30 መንደሮች በድብርት የተያዙ ሰዎች በየሳምንቱ በቡድን ተሰብስበው ስለ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ስለሚፈጠር ጠብ፣ ስለ ኑሮ ለውጥና ስለ ብቸኝነት እንዲነጋገሩ ተደረገ። ውይይቱን የመሩት ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሲጠናቀቅ በተሳታፊዎቹ ዘንድ ድብርት ያለባቸው 6.5 በመቶ፣ ውይይቱን ባላገኙት ዘንድ 54.7 በመቶ ሆኑ። እድር፣ ማኅበርና ጽዋ ያለን ሰዎች ተሰብስቦ መነጋገር አዲስ አይሆንብንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራማችን እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በየጓዳው ገብተው ያስተምራሉ። ለነፍሰ ጡሯ «ደም ያንስሻል? እግርሽ ያብጣል?» ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ «እንቅልፍ ይወስድሻል? ደስ የሚልሽ ነገር አለ? ከባልሽ ጋር እንዴት ናችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ቤት ይተርፋል። ጤና ጣቢያዎችም ድርሻ አላቸው። በጉራጌ አካባቢ፣ ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ተሠልጥነው ተሠርቶበታል። አንዳንድ ሕመሞችን ለይቶ ማከም ሲቻል ድብርትን መለየት ግን አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛው የሚናገረው ስለ ራሱ መፍለጥ ነው። ስለ ቤቱ የሚጠይቀው ከሌለ ይዞት የመጣው ዋናው ነገር ሳይነገር ማስታገሻ ተጽፎለት ይመለሳል።

መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ በተለይ ሕመሙ ሲበረታ። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን በአገራችን የሚታዘዙ ናቸው። ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው መድኃኒቱ የሚሠራበትን አካሄድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ ማድረቅ፣ እንቅልፍ ማብዛት ወይም ማቅለሽለሽ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን መታየት የሚጀምረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ይህን ያልተነገረ ባል በሳምንቱ «ይኸው አደነዘዘሽ፣ ተዪው» ይላል። ተሽሏት ስትነሳ ደግሞ «ድነሻል፣ ምን ያደርግልሻል?» ተብሎ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ከተሻለ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። እናቶች በራሳቸው ያቆሙት የሚመስለን ሕክምና በቤተሰብ ውሳኔ የቆመ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ለባል ቢያስረዳ ኖሮ ምናልባት ባልቆመ ነበር።

ፀበልንና ጸሎትን ከሕክምና ጋር ማጣላትም አያስፈልግም። በኤች አይ ቪ ዘመን ምእመናን መድኃኒታቸውን ጥለው ፀበል ሲገቡ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ዛሬም ለድብርት ይሠራል። የነፍስ አባት፣ ሼኽ ወይም ፓስተር «ጸልይ፣ መድኃኒትህንም ውሰድ» ቢል ከብዙ የጤና ትምህርት ይበልጣል፤ ቤተሰብ የሚሰማው እነሱን ነውና።

ለቤተሰብ የምንለው

በየቤቱ ሊደረግ የሚችለው ብዙ ወጪ የለውም። ከመምከር በፊት መስማት፤ «ምን ጎደለብሽ?» ከማለት «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሰማሽ?» ብሎ መጠየቅ። ከቤቱ ሥራ ላይ ከባዱን ማንሳትና የምትችለውን ትንሽ ነገር ለእሷ መተው፤ ሙሉ በሙሉ ማስቀመጥም «አልረባም» የሚለውን ሐሳብ ያጸናልና። ለልጆች «እማዬ ታማለች፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ እየታከመች ነው» ብሎ በግልጽ መንገር። ቀጠሮ ቀን አብሮ መሄድ፤ ለሐኪሙ መልስ የሚሰጠው ግን ሕመምተኛው ራሱ እንዲሆን መተው።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ሲሰማ «ምን ነካህ፣ አፍህን ዝጋ» ብሎ በቁጣ ማለፍ አደገኛ ነው። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲናገር በር ይከፍትለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፤ ፀረ ተባይ፣ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ ይራቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ።

ከመንግሥት የምንጠብቀውም አለ። የእርግዝናና የወሊድ ክትትል ላይ የስሜት ጤና ጥያቄ ይጨመር፤ ጤና ጣቢያዎች ለድብርት ሕመምተኛ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ ይኑርባቸው፤ የአባት የወሊድ ፈቃድ ከሦስት ቀን ከፍ ይበል። አንዳቸውም አዲስ ሆስፒታል መገንባት አይጠይቁም።

ድብርት የሚታከም ሕመም ነው። በቤታችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ፊቱ የጠቆረ፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ከሰው የሸሸ ሰው ካለ፣ ጠባዩን አትክሰሱት። ነገ ጠዋት አብራችሁት ተነሱና ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሐኪሙ ሲጨርስም እናንተ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ሳትጠይቁ አትመለሱ።